አንዲት ፊደልና የፎቶ ቤቱ ቁልፍ

በአንድ ወቅት፣ ከሰው ቁጥር የፈረስ ቁጥር ይበልጣል ተብሎ በሚቀለድበት በአዊ ምድር፣ በአንዲት ትንሽ ከተማ፣ ጋሽ ቢያድግልኝ የሚባሉ ፎቶ አንሺ ነበሩ። የከተማዋ ሰው ክርስትና ሲነሳ ፎቶ የሚያነሱት እሳቸው ነበሩ፤ ሲዳርም እሳቸው፤ ሲሞትም ከሬሳው ፊት ተይዞ የሚሄደው ፎቶ የእሳቸው ሥራ ነበር።

ጋሽ ቢያድግልኝ ልጅ አልነበራቸውም። ይርሳው፣ ጥሩዬና አንማው የሚባሉ ሦስት ተማሪዎች ግን ነበሯቸው። ሦስቱም ሥራውን የተማሩት በዚያች ጠባብ ፎቶ ቤት ነው፤ ሌላ ቤትም ሌላ ሙያም አልነበራቸውም። ሦስቱም ጎበዞች ነበሩ። ችግሩም ይኸው ነበር።

አንድ ቀን ጋሽ ቢያድግልኝ ሙሽሮች አንስተው ፎቶውን ሲያዩት ሙሽራዋ ሁለት አፍንጫ ያላት መስላ ወጥታለች። እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀምሯል። የዚያኑ ዕለት ተማሪዎቻቸውን ጠሩና የፎቶ ቤቱን ቁልፍ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡ። አንማው የተማሪዎች ጉርድ ፎቶ ሊያነሳ ገጠር ወርዶ ስለነበር የመጡት ሁለቱ ብቻ ነበሩ።

«ቤቱ ጠባብ ነው፤ ሦስት ጌታ አይችልም» አሉ። «አንድ ቃል እሰጣችኋለሁ። እያንዳንዳችሁ በዚያ ቃል አንድ ፎቶ አምጡ። በልጦ የተገኘው ቁልፉን ይወስዳል፤ የቀሩት ሌላ እንጀራ ይፈልጋሉ።»

«ቃሉ ምንድን ነው ጋሼ?» አለች ጥሩዬ።

«ፍጥነት።»

ይርሳው ፈገግ አለ።

«ቆይ፣ ሳትሰማ አትሳቅ! ሕግ አለው። ፎቶዎቹን ግድግዳ ላይ እሰቅላለሁ፤ ሰው መጥቶ ያያል። ስለ ፎቶ አፉን የከፈተ ተወዳዳሪ ግን ከውድድሩ ወጣ። ምላስ የተበደረ ፎቶ፣ ፎቶ አይደለም።»

ከዚያም ቃሉን በትልልቁ ጽፈው በሩ ላይ ለጠፉት። ሦስቱ ያደረጉትን በየተራ እነግራችኋለሁ። ሚዛኑ ሳላውቀው ወደ አንዱ ቢያጋድልብኝ እናንተ አቃኑት።

ይርሳው የፈረሰኛ ልጅ ነበር። የፈረስ በዓል ደርሶ ስለነበር ምን እንደሚያነሳ አላስጨነቀውም፤ ያስጨነቀው ከየት ሆኖ እንደሚያነሳው ነው። ሰው ሁሉ የሚጋልብ ፈረስ ከጎን ያነሳል። ከጎን የተነሳ ፈረስ ደግሞ ቴምብር ላይ እንዳለ ፈረስ ነው፤ ማንንም አያሰጋም። «ፍጥነትን የሚያውቀው የሚመጣበት ሰው ነው» ብሎ አሰበ። ስለዚህ የጉግሱ ሜዳ መታጠፊያ ላይ፣ ጎርፍ በቦረቦራት ትንሽ ቦይ ውስጥ፣ ካሜራውን ወደ ሰማይ አድርጎ በጀርባው ተኛ።

በየበዓሉ ከፊት የሚጋልበው ፈረሰኛ አያ ደርብ ለማሟሟቅ በዚያ ሲያልፍ አየው።

«አንተ ልጅ፣ አብደሃል? ተነስ!»

«ፈረስ የተኛ ሰው አይረግጥም አያ ደርብ፤ ይዘላል። አባቴ ነው የነገረኝ።»

«በየትኛው እግሩ እያነከሰ ነው አባትህ የነገረህ?»

ሰው ሳቀ። ይርሳውም ሳቀ፤ ግን አልተነሳም። ፈረሶቹ ሲለቀቁ በዓይኑ አልተማመነም፤ ካየሁ በኋላ ካሜራውን ብጫን ዘግይቻለሁ ብሎ ኮቴው መሬቱን ሲመታ በጀርባው እያዳመጠ ቆየ። ድምፁ ጀርባው ላይ ሲቋረጥ፣ ማለትም ፈረሱ ከመሬት ሲለቅ፣ ተጫነ።

ፎቶው ይህን ይመስላል፦ የፈረሱ ሆድ፣ የኮርቻው ጠፍር፣ አራቱም ኮቴ በአየር ላይ፣ አንደኛው ኮቴ ስንጥቁ እስኪታይ የቀረበ፤ በእርካቡ ቀለበት የገባው የአያ ደርብ አውራ ጣት፤ ዙሪያውን ደግሞ እያንዳንዱ ብናኝ ለብቻው ቆሞ። በዓይን ታይቶ የማያውቅ ነገር ነው።

ጥሩዬ በተቃራኒው አሰበች። ፍጥነት ከተያዘ ቆመ፤ ከቆመ ደግሞ ፍጥነት አይደለም። ስለዚህ እይዘዋለሁ ሳይሆን ሲያልፍ አሳየዋለሁ አለች። ጎህ ሲቀድ መናኸሪያ ሄዳ ካሜራዋን በሦስት እግር ማቆሚያ ላይ ተከለች፤ የካሜራውንም ዓይን ለረጅም ጊዜ ከፍታ ተወችው። እንዲህ ሲደረግ የሚንቀሳቀስ ሁሉ ጭጋግ ይሆናል።

ጭጋግ ብቻውን ግን ፍጥነት አልሆነላትም። ሁሉ ከተንቀሳቀሰ ምንም የተንቀሳቀሰ አይመስልም፤ መካከል ላይ የሚቆም ነገር ያስፈልጋል። የመብራት ምሰሶ ሞከረች፤ አልወደደችውም። ምሰሶ አይቸኩልም፣ ግን አይታገስምም። ዘበኛውን ሞከረች፤ አፍንጫውን አከከ። በመጨረሻ ያገኘቻቸው እትዬ አገሬን ነው። እትዬ አገሬ እንቁላል የሞላ ቅርጫት ጭናቸው ላይ አስቀምጠው፣ ተሳፋሪ እየተጋፋ በዙሪያቸው ሲያልፍ፣ ቅንድባቸው እንኳ አይነቃነቅም። ጥሩዬ ብርሃኑና ግፊያው እስኪገጥሙላት ጠዋት ጠዋት ተመላለሰች።

«አንቺ ልጅ» አሏት እትዬ አገሬ፣ «በየቀኑ ትመጫለሽ፤ አንድ እንቁላል ገዝተሽ አታውቂም። ምኔን ነው የምታዪው?»

«አለመነቃነቅዎን፣ እትዬ።»

«እኔ ብነቃነቅማ የከተማው ቁርስ መሬት ላይ ነው!»

በጥሩዬ ፎቶ አውቶቡሱ፣ ረዳቶቹ፣ ሻንጣውና ሰዉ ሁሉ እንደ ሞላ ወንዝ ይፈሳል። በወንዙ መካከል የእትዬ አገሬ ፊት ሽብሽቡ ሳይቀር፣ እንቁላሉም አንድ በአንድ ጥርት ብሎ ይታያል። ፎቶውን አተኩሮ ያየ ሰው ወንበር ይይዛል፤ እሱ ራሱ የሚሄድ ይመስለዋል።

አንማው ገጠር ነበር አልኩ። ውድድሩንና ሕጉን አስረድታ ቃሉን የነገረችው ጥሩዬ ናት፤ በስልክ። ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታ ላይ ወጥቶ ነበር፤ ነፋሱ ይነፍሳል።

«ቃሉ ፍጥነት ነው!» ብላ ጮኸች።

«ፍጥረት?»

«አዎ፣ ፍጥነት!»

«ፍጥረት! ገባኝ!»

«አዎ!»

አንማው ነገር ሳያረጋግጥ የሚሄድ ልጅ አልነበረም፤ እንደሰማችሁት አረጋግጧል። ግን ሁለቱም የሰሙት የራሳቸውን ቃል ነው። አንዲት ፊደል መካከላቸው ወደቀች፤ ያነሳት የለም።

አንማው ፍጥረት በሚለው ቃል ተጨነቀ። ተራራና ሰማይ ማንሳት ቀላል ነው፤ እነሱ ግን የተፈጠሩት ጥንት ነው። እሱ የፈለገው ገና ሲፈጠር ነበር። እዚያው ገጠር የሚኖሩት አጎቱ ልትወልድ የቀረበች ባዝራ ነበረቻቸው። እንግዳ ሰው አይታ እንዳትደነግጥ የአጎቱን ጋቢ ለብሶ፣ የአጎቱን ጠረን ይዞ፣ በረቱ ጥግ ከረመ።

«ፎቶ አንሺነቱ ቀርቶ አዋላጅ ሆንክ?» አሉት አጎቱ።

«ዝም በሉ አጎቴ፣ እየሰማችን ነው።»

አንድ ማለዳ ወለደች። የካሜራው ድምፅ እናቲቱን እንዳያስበረግግ አንዴ ብቻ ሊጫን ለራሱ ቃል ገብቶ ነበርና ጠበቀ። ውርንጭላው ወደቀ፤ ተነሳ፤ እንደገና ወደቀ። እንደገና ሲነሳ ተጫነ።

በፎቶው ላይ ውርንጭላው ገና እርጥብ ነው፤ እትብቱ ተንጠልጥሏል። ሦስት እግሮቹ በደንብ እንዳልተሠራ በርጩማ እግር ወዲያና ወዲህ ተንፈራጠዋል። አራተኛው፣ የፊተኛው፣ ከመሬት ለቅቆ ወደፊት ተዘርግቷል። መቆም ሳይችል ሊሄድ ነው። ዓይኑም እናቱን አያይም፤ የተከፈተውን የበረት በር ያያል።

ቀኑ ደረሰና ፎቶዎቹ ተሰቀሉ። ሰው ጎረፈ። የይርሳው ፎቶ ፊት አንዲት ሴት ልጇን ወደኋላ ሳበች፤ ፈረሱ የሚወጣ መስሏት። የጥሩዬ ፎቶ ፊት ወሬኛው ሁሉ ወንበር ፍለጋ እጁን ዘረጋ። የአንማው ፎቶ ፊት ግን ሰው መጀመሪያ ግራ ተጋባ። ከዚያ አያ ደርብ ቀረብ አለና ባርኔጣውን አወለቀ።

«ዕድሜዬን ሙሉ ጋልቤያለሁ» አለ። «ፍጥነት ከየት እንደሚጀምር ግን ገና ዛሬ አየሁ።»

አንማው ገና ከገጠር መግባቱ ነበር፤ ፎቶውን ለጋሽ ቢያድግልኝ ሰጥቶ በሰው መካከል ቆሟል። ፍጥነት የሚለውን ቃል ሲሰማ ዞር ብሎ በሩ ላይ የተጻፈውን አነበበ። ፊቱ ተለወጠ። ዝም ቢል የሚያውቅበት አልነበረም። ሕጉ ራሱ ዝም በል ይለዋል። ሰዉም ወደ እሱ እያዘነበለ ነው።

«ጋሼ፣ የእኔን አውርዱልኝ» አለ። «እኔ ያነሳሁት ፍጥረት ነው። ቃሉን ተሳስቼ ነው የሰማሁት።»

ጥሩዬ ብትተወው አንድ ተፎካካሪ ይቀንስላት ነበር። «የተሳሳትኩት እኔ ነኝ» አለች። «ሲጠይቀኝ አዎ ብዬዋለሁ። በእኔ አዎ እሱ አይቀጣም። ፎቶው እንደሆነ ቃሉን እኛ ከሰማነው በላይ ሰምቶታል።»

ይርሳው ደግሞ ሄዶ ፎቶው ፊት ቆመ። «ማንም አያወርደውም!» አለ። «ከሦስታችን ፈረስ የማውቀው እኔ ነኝ። ይህ ውርንጭላ የእኔን ፈረስ እያባረረው ነው።»

«እኔ አውርዱልኝ ስል እናንተ ምን አገባችሁ?» አለ አንማው።

ጋሽ ቢያድግልኝ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። «ስለ ፎቶ አፉን የከፈተ ወጣ ብዬ ነበር። ይኸው ሦስታችሁም ከፈታችሁ! እንግዲህ ወይ ሁላችሁም ወጥታችኋል፣ ወይ ሁላችሁም አላችሁ። ሕጌ እዚህ ላይ አለቀ፤ ቁልፉ ግን አሁንም አንድ ነው።» ዞር ብለውም ሰዉን ጠየቁ፦ «እናንተስ ምን ትላላችሁ?»

ያን ጊዜ ጫጫታው ተነሳ። አንዱ፣ ነፍሱን አስይዞ ያመጣ ይርሳው እያለ ለማን ይሰጣል አለ። ሌላው፣ ቁልፉ ለድፍረት ነው ወይስ ለፎቶ ብሎ መለሰለት። የጥሩዬ ወገኖች ተመላልሳ፣ ሞክራና ጥላ ያሰበችውን አገኘች አሉ፤ ተቃዋሚዎቻቸው ግን ጥርት ብለው የሚታዩት የተቀመጡት እትዬ አገሬ ናቸው፣ ይህ ፍጥነት ነው ወይስ ትዕግሥት ብለው ሞገቷቸው። ወደ አንማው ሲደረስ ክርክሩ ጦፈ።

«ሚዳቋ ሲያሳድድ አጋዘን የጣለ ሰው ሥጋውን ይከለከላል?» አለ አያ ደርብ።

«ያላሰበውን ካመሰገንነውማ ቁልፉን ለውርንጭላው እንስጠዋ!» አሉ እትዬ አገሬ።

ጋሽ ቢያድግልኝ ሁሉንም ሰሙ። ቁልፉን መዳፋቸው ላይ አድርገው እጃቸውን ዘረጉ፤ ቁልፉ ከሰንሰለቱ ጋር እየተንቀጠቀጠ ይንሿሿል። ሦስቱ ተማሪዎች ጎን ለጎን ቆመዋል፤ አንዳቸውም ወደ ቁልፉ አልተራመዱም።

«ፈጠን በሉ፣ እጄ አይጠብቃችሁም» አሉት ሽማግሌው ሰዉን። «ግን አትቸኩሉ።»

እኔ ጠዋት ለአንዱ ፈርጄ ከሰዓት በኋላ ለሌላው እፈርዳለሁ፤ ስለዚህ እጃቸው እንደተዘረጋ እዚህ ላይ ትቼላችኋለሁ። ይርሳው ቃሉን ፊት ለፊት ተጋፍጦ አስቁሞታል። ጥሩዬ ለቃሉ መንገድ ለቃ ሲያልፍ አሳይታለች። አንማው ቃሉን ሳይሰማ ከምንጩ አግኝቶታል፤ ሲያውቅም አልደበቀም። ቁልፉ አንድ ነው፤ የጋሽ ቢያድግልኝ እጅም እየደከመ ነው። እናንተ ከዚያ ሰው መካከል ብትቆሙ፣ ቁልፉ ለማን ይገባል ትሉ ነበር?