የጠፋው ሙክት ሽታ

በወጣትነቴ ለሰው አድሬ አርስ ነበር። ስለዚያ ዘመን ብዙ አላወራም፤ የአንዱን የገና ዋዜማ ነገር ግን አልረሳውም።

ያን ጊዜ የአገሩ ገዥ ግራዝማች ወልደሰንበት ለበዓሉ ያሰቡት የሰባ ሙክት ጾሙ ሳይፈታ ጠፋባቸው። መንደሩን ሰብስበው፣ «ሌባው ጾም ገድፎ በልቶታል። እጁ ሥጋ ሥጋ ያለ ሰው ዛሬውኑ ከአገሬ ይውጣ!» አሉ። ከሁሉ ድኻው እኔ ነበርሁና ከእኔ ጀመሩ። ቀኝ እጄን በሁለት እጃቸው ጨብጠው አሸተቱ።

«ያውላችሁ! ጮማ ጮማ ይላል!»

ብባረር የምጠጋበት ዘመድ አልነበረኝም። በነገረኛነቱ የታወቀ አንድ ሸማኔ ግን ብድግ ብሎ መጣና መጀመሪያ ቀኝ እጄን፣ ቀጥሎ ግራዬን አሸተተ።

«ጌታዬ፣» አለ፣ «እርስዎ የያዙት እጅ እውነትም ጮማ ጮማ ይላል። ያልያዙት ግን ሽሮ ሽሮ ነው የሚለው።»

የሰዉ ዓይን ሁሉ ወደ ግራዝማች እጅ ዞረ። ግራዝማች እጃቸውን ቶሎ ብለው ካባቸው ውስጥ ከተቱ።

«ኧረ አይደብቁብን ጌታዬ!» አለ ሸማኔው፣ የራሱን እጅ ዘርግቶ። «እኛንም አንድ አንድ ጊዜ ይጨብጡን፤ ለነገው ፍስክ ሽታው ይበቃናል።»