አንገቷን የደፋችው ቀጭኔ

ተረት ተረት ስላችሁ «ጆሯችን ክፍት ነው» በሉኝ።

አንበሳ እንዳያያት የምትሠጋ አንዲት ቀጭኔ ነበረች። ከፍርሃቷ ብዛት አንገቷን ሣር ውስጥ ደፍታ ስትኖር ጀርባዋ ጎበጠ፤ አንገቷም እንደተደፋ ደረቀ። አንድ ማለዳ የአንበሳ ጠረን ሸተታት። ከወዴት እንደሚመጣ ቀና ብላ ልታይ ብትሞክር አንገቷ እንቢ አለ። እዚያው ቆማ ስትንቀጠቀጥ አንበሳው አጠገቧ የሚግጠውን የሜዳ አህያ ነጥቆ ሄደ።

ቀጭኔዋ ወጌሻው ጉሬዛ ዘንድ ሄደች።

«ጋሼ ጉሬዛ፣ አንገቴን ሲያቃኑት ይሰብሩት ይሆን?» አለችው።

«እሱንስ አንቺው ጀምረሽዋል፣ ልጄ» አለ ጉሬዛ አንገቷን እያሸ። «ለመሆኑ ስታጎነብሺ ይሄን ሁሉ ገላ የት ትደብቂዋለሽ?»

ቀጭኔዋ እንዳቀረቀረች ረጃጅም እግሮቿን አየች።

«በየሳምንቱ ነይ፣ አሽሻለሁ» አላት። «የቀረው ያንቺ ሥራ ነው። ማለዳ ማለዳ ከግራሩ ላይ ከትናንቱ ትንሽ ከፍ ያለውን ቅጠል ብዪ።»

ቀጭኔዋ እየፈራች ተንጠራራች። አንገቷ ቀጭ ባለ ቁጥር አንበሳ የሰማ እየመሰላት ታቆማለች፤ ቆይታ ደግሞ ትጀምራለች። ክረምቱ አልፎ ሣሩ ሲደርቅ የግራሩ ጫፍ ላይ ደረሰች። ከዚያ ሆና ዞር ብትል አንበሳው በደረቱ እየተሳበ ወደ እሷ ሲመጣ አየች።

«አየሽኝ እንዴ?» አላት አንበሳ።

«አየሁህ» አለች፣ አንገቷን ሳትደፋ።

አንበሳም ከሣሩ ውስጥ ተነሣና ያቀረቀረ ሌላ ፍለጋ ሄደ።

ተረቴ እዚህ ላይ አበቃ፤ እኔን እንደሰማችሁኝ እናንተንም ሰሚ አያሳጣችሁ።