የባየልኝ ጅግሮች

በእኛ አገር አንዲት አባባል አለች፤ ሁሉም ይጠቅሳታል፣ ከየት እንደመጣች የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። ከብዙ ዘመን በፊት፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ሁለት ሽማግሌዎች በቤተ ክርስቲያን አጥር ጥግ ተቀምጠው ሲያወጉ አንዱ፣ «ለመሆኑ ያ የገደሉ ሰው ዳነ ወይስ ሞተ?» ሲል ጠየቀ። የሌላውን መልስ ግማሹን ነፋስ ወሰደው፤ «...ጋቢው ብቻ ነበር የታየው» ያላት ብቻ ተሰማች። የቀረው ታሪክ ከዚያ ወዲህ ከዚህም ከዚያም የተለቃቀመ ነው።

በገደል አፋፍ ባለች መንደር ባየልኝ የሚባል ጅግራ አዳኝ ነበረ። ጠመንጃ አልነበረውም፤ የነበረው መረብና ብልሃት ነው። የጅግራ ቆዳ ከነላባው ገፎ፣ ገለባ ጠቅጥቆ ይሰፋና በእንጨት እግር ያቆመዋል። ለዓይኑ ጥቁር ጨሌ ያደርግለታል። እነዚህን ከመረቡ አጠገብ ሲደረድራቸው፣ ከቁጥቋጦው ያለው ጅግራ ዘመዶቹን ያገኘ መስሎት እየተንጫጫ ይመጣል። አገሬው «የባየልኝ ውሸቶች» ይላቸው ነበር።

ውሸት ደግሞ እንክብካቤ ይፈልጋል። ሚስቱ አትጠገብ ላባቸውን ብል እንዳይበላው በወይራ ጢስ ታጥናቸዋለች። ጤዛ የነካውን ገለባ አውጥታ ደረቅ ትጠቀጥቃለች፣ የረገፈውን ላባ ትተካለች፤ ከዚያም አይጥ እንዳይደርስባቸው ከጣሪያው ማገር ላይ ታንጠለጥላቸዋለች። የቤቱም ሕግ አንድ ነው፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ውሸቶቹ ይገባሉ።

የቅበላ ዕለት ነው፤ በማግሥቱ ሁዳዴ ይገባል። ባየልኝ መረቡን በትከሻው፣ የያዛቸውን ጅግሮች በእጁ አንጠልጥሎ መጣ።

«ውሸቶቹስ?» አለች አትጠገብ።

«እጄ ሙሉ ነበር። ነገ አመጣቸዋለሁ።»

«ከገደሉ አፍ ላይ ትተሃቸው መጣህ?»

«ምን ይሆናሉ? በርረው አይሄዱ!»

«ጤዛው አለ እኮ፣ አንተ ሰውዬ! የሚበሰብሰው የእኔ ልፋት ነው።»

«በቅበላ ቀን አትጨቅጭቂኝ። ወንድምሽ እየመጣ ነው፤ ይልቅ ጠላውን አጥልይ።»

ወንድሟ ይስማው ከወንዙ ማዶ፣ በገደሉ አፋፍ መንገድ ነው የሚመጣው። ሳይቀመጥ የሚጎርስ፣ ሳይጠየቅ የሚመልስ ጥድፊያ የፈጠረው ሰው ነበረ። ወጡ ደረሰ፣ ጎረቤት ተሰበሰበ፣ ፀሐይዋ አዘቀዘቀች፤ ይስማው ግን አልመጣም።

አትጠገብ ደጅ ወጥታ ተመለሰች። «ይስማው ለሥጋ ዘግይቶ አያውቅም» አለች። ሰው ሁሉ ሳቀ። እርሷ አልሳቀችም።

ባየልኝ ዱላውን ይዞ ወጣ። አፋፉ ሲደርስ ጅግሮቹ በምሽቱ ድንግዝግዝታ ቆመዋል፤ ነፋስ ላባቸውን ሲነካው እህል የሚለቅሙ ይመስላሉ። ከዳር የነበረው የለም። በቦታው አንድ ነጭ ጋቢ እሾህ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ከሥሩ የገደሉ ከንፈር ተንዶ አፈሩ ገና ይንሸራተታል።

ጋቢውን ያውቀዋል፤ ጥለቱን ለወንድሟ ያቀለመችው ሚስቱ ናት።

«ይስማው!»

ገደሉ የራሱን ድምፅ መለሰለት። «አምላኬ፣ ሰው ገደልሁ» አለና በደረቱ ተኝቶ ወደ ታች ተመለከተ። ጥቁር ብቻ ነው። ማዕተቡን ጨብጦ ደግሞ ተጣራ። ብዙ ቆይቶ ከታች የሰለለ ድምፅ ወጣ።

«አያ ባየልኝ... ያዝኋት። ግን ገለባ ናት።»

ከገደሉ ወገብ ላይ የበቀለች ሾላ ይዛው ነበር። መንደሩ የበሬ ጠፍር ቀጣጥሎ ሲጎትተው፣ አንድ እግሩ ወደማይታጠፍበት ታጥፎ፣ ያቺን ጅግራ በብብቱ እንደወሸቀ ወጣ። ያየ ሁሉ አፉን ያዘ። በዚያች ቅበላ ከተሠራው ወጥ የቀመሰ አልነበረም።

ወጌሻው እግሩን ካሰረለት በኋላ የመንደሩ ሽማግሌ አባ ወልደ ሐና መጡ። በሽተኛው አልጋ አጠገብ ተቀምጠው «ምን አገኘህ ልጄ?» አሉ።

«ለቅበላ ባዶ እጄን ልግባ እንዴ፣ አባ? ብጠጋቸው አይሸሹም። እግዜር ሰጠኝ አልሁና ጋቢዬን ጥዬ ተወረወርሁባቸው።»

«ታዲያ እኔ ምን ላድርግ?» አለ ባየልኝ፣ ሽማግሌውን ሳያይ። «ሰው ልይዝ አላጠመድሁም። ዓይን ያለው ሰው ገለባና ጅግራ መለየት ያቅተዋል?»

አትጠገብ ከምድጃው ዞረች። «ዓይን ያለው እንዳይለያቸው አድርጌ የማድሳቸው እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ውጭ አሳድሬያቸው አላውቅም። ሜዳ ላይ የተውሃቸው አንተ ነህ። ወንድሜ ሞቶ ቢሆን ኖሮ፣ እጄ ሙሉ ነበር ብለህ ልታለቅስልኝ ነበር?»

ባየልኝ እንጨት የታሰረበትን እግር አየ፤ ይህ ሰው ዘንድሮ እርፍ አይጨብጥም፣ ልጆቹም የሚያርስላቸው የለም። ተነሥቶ የይስማውን ጉልበት ሳመ። በሁለት እግሩ እስኪቆም ድረስ ማዶ ተሻግሮ መሬቱን አርሶ ሊዘራለት፣ ከእንግዲህም የያዘውን ጅግራ ጥሎ ቢመጣ እንኳ ውሸቶቹን ሳይመሽ ሊሰበስብ ቃል ገባ። አባ ወልደ ሐናም መቋሚያቸውን ተደግፈው ተነሡና፣ ከዚያ ወዲህ አገር የተቀባበላትን ቃል ተናገሩ፦ «ለወፍ የሠሩት ውሸት፣ ሰው ይይዛል ያሳደሩት ዕለት።»