አናጢውና አምሳያው

አንድ ድልነሳሁ የሚባል አናጢ ነበር። ገና በአርባ ዓመቱ የሳንባ በሽታ ያዘውና አልጋ ላይ ዋለ። ሚስቱ ዘርፌ ያልወሰደችው ጠበል፣ ያላንኳኳችው የሐኪም ደጅ አልነበረም። በመጨረሻ በጥበቡ የታወቀ አንድ ሽማግሌ ቤታቸው ድረስ መጣ።

«በሽታውን ማዳን አልችልም» አለ ጠቢቡ፤ «ነገር ግን ልክ አንተን የሚሆን ጤነኛ ሰው መሥራት እችላለሁ። የምታውቀውን ያውቃል፤ የምትወደውን ይወዳል። ስለዚህ አትሞትም።»

ድልነሳሁ ለዘርፌ ሲል እሺ አለ።

በሰባተኛው ቀን ጠዋት ከአልጋው አጠገብ ሌላ ድልነሳሁ ቆመ። አውራ ጣቱ ላይ ያለው የመጥረቢያ ጠባሳ እንኳ አልቀረም። ዘርፌን ሲያይ ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ በሠርጋቸው ዕለት በጆሮዋ ሹክ ያላትንም ሳይሳሳት ደገመላት።

ጠቢቡ ደስ ብሎት ለበሽተኛው አንድ ጽዋ አቀረበለት። «እንግዲህ ድነሃል። ይህን ጠጣና ከሥቃይህ ዕረፍ። ምን ይቀርብሃል? ይኸው ቆመህ የለም እንዴ?»

በሽተኛው ጽዋውን እንደያዘ አምሳያውን አየው። «ወንድሜ፣ አሁን ደረቴን ሲወጋኝ አንተንም ያምሃል?»

«የትናንቱ ትዝ ይለኛል» አለ አምሳያው። «የአሁኑ ግን አያመኝም።»

«እንግዲያው ይህን ብጠጣ የሚሞተው ማን ነው?»

ያው የሞት ፍርሃት በአምሳያውም ልብ ነበርና ጽዋውን ተቀብሎ መሬት ላይ ደፋው።

ድልነሳሁ ከዚያ በኋላ አንድ ወር ቆየ። አምሳያው እያገላበጠ፣ እያጠበ አስታመመው። ዘርፌም የባሏን እጅ እንደያዘች ነፍሱ ወጣች።

ለቀብር የመጡት ጎረቤቶች ግራ ገባቸው። «አንተ በሕይወት እያለህ ለማን ነው የምታለቅሰው?» አሉት አምሳያውን።

«ለሞተው ሰው ነዋ! ትዝታው ሁሉ እኔ ዘንድ አለ። ነገ ፀሐይ ስትወጣ የማያት ግን እኔ ነኝ፤ እሱ አያያትም።»

ዘርፌ ሐዘን ተቀመጠች። አምሳያውም በሟቹ አልጋ ላይ አልተኛም፤ ስሙንም ለሟቹ ትቶ፣ እዚያው መንደር ጎጆ ቀልሶ በሌላ ስም መኖር ጀመረ።

ሰው መልኩና ትዝታው ብቻ አይደለም። ሕመሙን የሚያመው፣ ደስታውን የሚደሰተው ያ አንድ «እኔ» ግልባጭ የለውም። ስለዚህ ማንንም ሰው «በሌላ ይተካል» ብለን አናቅልለው።

እርስዎ ግን በዘርፌ ቦታ ቢሆኑ፣ ሐዘኑ ካለፈ በኋላ ያ ሰው በርዎን ቢያንኳኳ ማን ብለው ይቀበሉት ነበር?