ለግራዝማች በእጥፍ

የቤት ገበያ በሞተበት ዘመን አንዲት ጠጅ ሻጭ ቤቷን ለመሸጥ ፈለገች። ደላላ ያመጣው ገዢ ሁሉ ቤቱን ይወድና፣ ጎረቤቱ ግራዝማች ተድባበ መሆናቸውን ሲሰማ ውልቅ ብሎ ይሄዳል። ሰውየው በየዓመቱ አጥር የሚገፉ፣ ዶሮ ጓሯቸው በገባች ቁጥር ባለቤቷን ችሎት የሚያቆሙ ናቸው። ሴትየዋ ዋጋውን ብትቀንስም ደፍሮ የሚገዛ ጠፋ።

በመጨረሻ ግራዝማች ራሳቸው ሎሌ አስከትለው መጡ።

“አንቺ ሴት፣ መቼም ከእኔ በቀር ገዢ የለሽም። በግማሽ ዋጋ ስጪኝ!”

“ለእርስዎማ በእጥፍ ነው፣ ጌታዬ።”

“በእጥፍ? ለምን ሲባል!”

“ለሌላው የቀነስኩት ለእርስዎ ጉርብትና ካሣ ይሁነው ብዬ ነው። እዚህ ቤት ገብቶ ከእርስዎ ጉርብትና የሚተርፍ ሰው ግን በአገሩ እርስዎ ብቻ ነዎት።”