እመቤታችን የመምህር ኅሩየ ሥላሴን ዜማ ከመጥፋት እንዳዳነች

የእመቤታችን ወዳጆች ሆይ፣ የአምላክ እናት እንዶድ በር በምትባል ደብር ለአንድ የዜማ መምህር ያደረገችውን ተአምር እንነግራችኋለንና ልቡናችሁን ወደዚህ መልሱ፤ ከመካከላችሁም የጨነቀው ሰው ቢኖር እርሱ ቀረብ ብሎ ይስማ።

መምህር ኅሩየ ሥላሴ የሚባል ሰው ነበረ፤ ከወጣትነቱ ጀምሮ ራሱን ለእግዚአብሔር የሰጠ፣ ሚስትም ርስትም ያልፈለገ። በየዕለቱም ለማስተማር ከመቀመጡ አስቀድሞ በእመቤታችን ሥዕል ፊት ወድቆ «የተቀበልሁትን ሳላስረክብ አትውሰጂኝ» እያለ ይለምን ነበር። ይህን የሚለውም ያለ ምክንያት አልነበረም፤ በዚያች ደብር በፍልሰታ በዓል ብቻ የሚዜም፣ የእመቤታችንን ዕርገት የሚያወሳ አንድ ዜማ ነበረና፣ እርሱም ከአንድ መምህር ወደ አንድ ደቀ መዝሙር በቃል ብቻ ይተላለፍ ነበርና፣ በዚያ ዘመን ከመምህር ኅሩየ ሥላሴ በቀር የሚያውቀው ሰው በምድር ላይ አልነበረም።

ነገር ግን ይህ ሰው ጥንቃቄው መጠን አልነበረውም። አንዱን ድምፁ ሻካራ ነው፣ ሌላውን ልቡ ወደ ዓለም ያዘነብላል፣ ሌላውንም ሳቅ ያበዛል እያለ ሁሉን ሲመልስ ወራሽ ሳይመርጥ ጠጉሩ ሸበተ። ከመለሳቸውም መካከል ወልደ ሩፋኤል የሚባል ተብታባ ጎልማሳ ነበረ፤ በጉባኤ ቤቱ ሥርዐት ንባብ ያልጨረሰ ዜማ አይጀምርምና፣ እርሱም ንባቡን ሳይደናቀፍ ጨርሶ አያውቅምና፣ መምህሩ «ከመጀመሪያው!» እያለ ይጮህበት ነበር፤ እርሱ ግን ጓደኞቹ ሁሉ አልፈውት ሲሄዱ ከደጁ አልራቀም።

ከዚያም በአንድ ክረምት ንዳድ ገባና ተማሪው ሁሉ ወደየአገሩ ሸሸ፤ መምህሩንም ድንገት ደዌ መታውና አፉ ወደ ጎን ተጣሞ ምላሱ ታሰረ፣ ውሃ ስጡኝ ማለት እንኳ ተሳነው። የቀረው ወልደ ሩፋኤል ብቻ ነበረና እያጎረሰና እያገላበጠ አስታመመው። የደብሩም አለቃ ሊጠይቀው መጣና «የኔታ፣ በዓሉ ደረሰ እኮ፤ ያ ዜማ በቃ ቀረ ማለት ነው?» አለው፤ የመምህሩም ዕንባ በጢሙ ላይ ወረደ።

ከዚያች ቀን ወዲህ እህል አልወርድለት አለ። ዜማውን በልቡ ከዳር እስከ ዳር ይወጣዋል፣ በወጣውም ቁጥር አንዳች የጎደለ እየመሰለው ደንግጦ እንደገና ይጀምራል፤ ደረቱ ውጋት በያዘው ጊዜ ሁሉ «አሁን ሞትሁ፣ ይዤው ሄድሁ» ይል ነበር በልቡ። ሞትንስ አልፈራም፤ የፈራው ዜማውን ያስረከበው የገዛ መምህሩ በሰማይ «አደራዬ ወዴት አለ?» ሲለው ባዶ እጁን መቆሙን ነበር።

ጾመ ፍልሰታም በገባ ጊዜ ወልደ ሩፋኤል ደግፎ ወደ ቤተ ክርስቲያን ወሰደውና በእመቤታችን ሥዕል ፊት አስቀመጠው፤ በዚያም ሲያለቅስ እንቅልፍ ሸለብ አደረገው፣ እነሆም እመቤታችን ብርሃን ለብሳ ቆመችና

«ምላስህን ምን ልታደርግበት ፈለግኸው?» አለችው።

«እመቤቴ፣ ምስጋናሽን ላስተምርበት።»

«ለማን?»

አንገቱን ደፍቶ «ሰው የለኝም» አላት።

«ደግፎ ያመጣህ ማን ነው?»

«ተብታባ እኮ ነው፣ እመቤቴ! ያበላሸዋል።»

እመቤታችንም ፈገግ ብላ «አንተስ ዛሬ በምን ትሻለዋለህ?» አለችውና ጉሮሮውን በእጅዋ ዳሰሰችው።

በነቃም ጊዜ «ልጄ» ሊል ሞከረ፣ አልቻለም፤ ፍርሃት ይዞት ዜማውን ቢጀምር ግን ቃሉ ሳይቈራረጥ እየጠራ ወጣ። ንግግር አልተመለሰለትም፤ የተመለሰለት ዜማ ብቻ ነበረ። ወልደ ሩፋኤልንም በእጁ ጠቅሶ እንዲቀበለው አመለከተው፤ ያም ምስኪን እንደ ወትሮው ቁጣ ይወርድብኛል ብሎ እየፈራ አፉን ከፈተ፣ ባዜመም ጊዜ ምላሱ አንድም ስፍራ አልተያዘም። ለካ ሲናገር እንጂ ሲያዜም አይንተባተብም ነበር፤ ያን ሁሉ ዘመን ያስዜመው አልነበረምና ማንም አላወቀም። መምህሩም ይህን ባየ ጊዜ ደረቱን መታ።

ከዚያም በየቀኑ ያስተምረው ጀመር፤ ነገር ግን ድምፁ ዕለት ዕለት እየቀጠነ ሄደና፣ ዜማው ሳያልቅ ድምፄ ያልቅብኛል ብሎ ሲቸኩል ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ትንፋሹንም ሊሰበስብ ሲያርፍ ቀኑ ይመሽበታል። በበዓሉም ዋዜማ የመጨረሻው ስንኝ ብቻ ሲቀር ድምፁ ፈጽሞ ጠፋ። ወልደ ሩፋኤልም ጕልበቱን ይዞ «የ... የኔታ፣ መ... መጨረሻውስ?» እያለ ለመነው፤ መምህሩ ግን ከንፈሩን ከማንቀሳቀስ በቀር ምንም አልቻለም።

በበዓሉ ዕለት ቅዳሴው ሲያበቃ ሕዝቡ ቅኔ ማኅሌቱን ሞልቶ ቆመ፣ ወልደ ሩፋኤልም መቋሚያ ይዞ ጀመረ፤ አለቃውም አፉን ይዞ ቀረ። መምህሩ ግን ዜማው ወደ መጨረሻው በቀረበ ቁጥር ላብ ያሰጥመው ነበር፤ ሊያስቆመውም እጁን ሊያነሣ ሞከረ፣ እጁ ከዳው። ወልደ ሩፋኤል ካልተማረው ስንኝ ደረሰ፣ ዐይኑን ጨፈነ፣ ሳያቋርጥም ገባበት።

መምህር ኅሩየ ሥላሴም ሰማ። ስንኙ ሳይዛነፍ ወጣ፤ ይልቁንም በመካከሉ እርሱ ከመምህሩ ሰምቶ በወጣትነቱ ስለከበደው ዘሎት የቀረ፣ ለማንም ያልተናገረው አንድ ረጅም የድምፅ መውጣት ነበረና፣ እርሱም በወልደ ሩፋኤል አፍ እንደ ጥንቱ ተመልሶ ወጣ። ያን ጊዜ ሙሉ አድርጌ ጠበቅሁት ያለውን ዜማ ራሱ አጕድሎት እንደ ነበረ፣ ጠባቂዋም ሌላ እንደ ነበረች አወቀ፤ ምላሱም ተፈታና ለተብታባው ደቀ መዝሙር ዝቅ ብሎ

«የኔታ» አለው።

ወልደ ሩፋኤልም ደንግጦ ከእግሩ ሥር ወደቀና «እ... እኔ አይደለሁም፣ እ... እመቤቴ ናት» አለ፤ ሕዝቡም እልል አለ፣ መምህሩም የአምላክን እናት አመሰገነ፣ ጥቂትም ዘመን ቆይቶ በሰላም ዐረፈ።

ምስጋናዋን በዲዳና በተብታባ አፍ የጠበቀች እመቤታችን የእኛንም የታሰረ ምላስ ትፍታልን፤ ከአባቶቻችን የተቀበልነውን ለልጆቻችን ሳናስረክብ አንለፍ፤ ይህን የሰማችሁ ሁሉ፣ በረከቷ ከቤታችሁ፣ አማላጅነቷም ከልጆቻችሁ አይለይ፣ ለዘለዓለሙ አሜን።