የደመላሽ ልጅ ስም

ጠጋ በሉ፤ ድምፄ እንደ ድሮው አይወጣም። ለጎረቤቴ ልጅ ስም ስትመርጡ ሰማኋችሁ። አሁን አሁን ስም ከስልክ ነው አሉ የሚወጣው፤ ትርጉሙ ከጎኑ ተጽፎ፣ ኃያል፣ ብርሃን፣ አንበሳ እያለ። ጥሩ ነው፤ እኔ ምን ቸገረኝ። በመንደራችን በጠጠሮ ግን የወንድ ልጅ ስም እንዲህ አይወጣም። ለምን እንደማይወጣ ልንገራችሁና ከዚያ ተዉኝ፣ ልረፍ።

ድሮ ነው። እኔ አላየሁትም፣ አባቴም አላየውም፤ የአባቴ አያት ግን ደመላሽ የሚባለውን ሰው በዓይኔ አይቼዋለሁ ይሉ ነበር። በዚያ ዘመን የወንድ ልጅ ስም መጠሪያ ብቻ አልነበረም፤ ለጎረቤት የሚላክ መልእክት ነበር። ልጆች የሞቱባት እናት ማስረሻ ትላለች። በርስት የተጣላ አባት ማንያህልሃል ይላል፤ ባላንጣው ይስማው ብሎ ነው። ልጁ ለምሳ በተጠራ ቁጥር ጠቡ አብሮ ይጠራል። ወንዶቹ ስማቸውን ተሸክመው ያድጋሉ። ከበዳችሁ ወይ ብሎ የጠየቃቸው የለም።

ጠጠሮ ከወንዙ ወዲህ ናት። ከወንዙ ወዲያ አዛናው የሚባል ሰው ነበር። አዛናው በግጦሽ ድንበር ተጣልቶ እንግዳው የሚባል የጠጠሮ ሰው ገደለ። የእንግዳው ሚስት ትጓደድ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ሽማግሌ ለእርቅ ቢመጣ አሻፈረኝ አለች። ደግሞ ቢመጣ ከደጇ መለሰችው። ወንድ ወለደች። ደመላሽ አለችው። የአባቱን ደም የሚመልስ ማለት ነው፤ ይሄ ማንንም አይጠፋውም። አዛናውም ሰማ። በዓመቱ እሱም ወንድ ሲወለድለት መክት አለው። እንግዲህ ሁለት ሕፃናት አፍ ሳይፈቱ፣ አንዱ ከወንዝ ወዲህ አንዱ ከወንዝ ወዲያ ሆነው ጠብ ገጠሙ።

ደመላሽ አደገ። ቀጭን፣ ዝምተኛ ልጅ ነበር አሉ። አባቱን አያውቀውም። አዛናውንም አያውቀውም። እናቱ ከማሳ ማዶ ስሙን ስትጠራ ሰው ሁሉ ቀና ብሎ ያየዋል። ለእንጨት ስትጠራው ያዩታል፤ ለምሳ ስትጠራው ያዩታል። መቼ ነው የሚል ዓይን ነው። ቀን ሙሉ እንዲህ ስትታዩ አስቡት እስቲ። እኔ ሳስበው ብቻ ይደክመኛል።

አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላው እናቱ የአባቱን ጦር ከግድግዳ አውርዳ ሰጠችው። አዛናው በገበያ ቀን ወንዙን በየት በኩል እንደሚሻገር ነገረችው። ሄደ። ከመሻገሪያው አጠገብ፣ ከሾላ ሥር ቆመ። አዛናው ብቻውን መጣ። አህያውን አሻገረ፤ እሱም ተሻገረና እግሩን ሊያደርቅ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። ቀና ሲል ወጣቱን ከነጦሩ አየው። ማነህ አለው። ደመላሽ ነኝ አለው። አዛናው ሌላ አልጠየቀም። አልሮጠም፤ አልለመነም። እዚያው ተቀምጦ ጠበቀ። ደመላሽ አየው። ፀጉሩ መሸበት ጀምሯል፤ ተረከዙ ተሰነጣጥቋል። ዕድሜዬን ሙሉ ስጠራ የኖርኩት ለዚህ ሰው ነው እንዴ አለ በልቡ። ጦሩን ትከሻው ላይ አጋድሞ ወደ ቤቱ ተመለሰ። እናቱ ምነው፣ ምን ሆንክ አለችው።

«ደክሞኛል» አላት፤ ተኛ።

መንደሩ ሳቀበት። ምን ሠርቶ ነው የደከመው አሉ።

ከዚያ ወፍጮ ወቃሪ ሆነ። እናንተ አታውቁትም፤ የወፍጮ ድንጋይ ሲለሰልስ እህሉ ይንሸራተታል፣ አይደቅም። ያን ድንጋይ በብረት እየወቀረ የሚያሻክረው ሰው ነው ወፍጮ ወቃሪ። የከበረ ሥራ አይደለም። አቧራው ዓይን ያጠፋል፣ ሳል ያመጣል። ሴቶቹ እየሰደቡትም ቢሆን ይጠሩት ነበር፤ ያለ እሱ ዱቄት ከየት ይመጣል።

አንድ ዓመት ከወንዙ ማዶ የነበረው ወቃሪ ሞተ። የማዶ ሴቶች ደመላሽ ላይ ላኩበት። ሄደ። ከቤት ቤት ሲል አዛናው ቤት ደረሰ። የአዛናው ሚስት መልኩን አታውቀውም። ወፍጮውን አሳየችው፤ እንስራዋን አዝላ ውኃ ልትቀዳ ወረደች። መደቡ ላይ አንድ ሰው ንዳድ ይዞት ይንቀጠቀጣል። አዛናው ነው። ዓይኑን ገለጠና አወቀው። ቤቱ ውስጥ ሁለቱ ብቻ ናቸው። በደመላሽ እጅ መውቀሪያው ብረት አለ። ደመላሽ ወፍጮው ላይ አጎነበሰ፤ ወቀረ። ጠርዙ እንኳ ሳይቀር አስተካክሎ ወቀረ። ሲጨርስ አዛናው ውኃ አለ። በቅል ቀድቶ አጠጣውና ወጣ። ቤቱ ገብቶ ለእናቱ ሁሉንም ነገራት፤ መዋሸት አያውቅም ነበር። በእጅህ ውኃ አጠጣኸው ወይ አለችው።

«ደክሞኛል» አላት፤ ተኛ።

በማግሥቱ የአባቱ ዘመዶች እንዝርትና ጥጥ ላኩለት። ሴት ነህ፣ ተቀምጠህ ፍተል ማለታቸው ነው። ጥጡ ጥሩ ነው ብሎ ለእናቱ ሰጣት። እሷ ግን አልሳቀችም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ምሳውን አቅርባለት ፊቷን ታዞር ነበር።

ለእንዲህ ያለ ሰው ልጁን የሚድር ጠፋ። ዕድሜው ሲገፋ ከሩቅ አገር የመጣች፣ ነገሩን የማታውቅ ፈት አገባ። ወንድ ወለደች። አርባ ቀኑ ሞላ፤ ክርስትና ተነሣ። ቤቱ በዘመድ ሞላ። የቀረው መጠሪያ ስሙን ማውጣት ነው። ትጓደድ አርጅታለች፤ የልጅ ልጇን ታቅፋ ከመካከል ተቀምጣለች። ስሙ አትርሳው ነው አለች። አባትየው ቢረሳ ልጅየው አይረሳም አለች። ዘመዶቹ መልካም ስም ነው አሉ። ደመላሽ ልጁን አየ። ሕፃኑ ተኝቷል፤ አፉ ወተት በወተት ሆኗል። ይሄንንም ሊያደክሙት ነው አለ በልቡ። ጋቢውን ደርቦ ወጣ። ጦር አልያዘም። መውቀሪያውንም አልያዘም። ወንዙን ተሻገረ።

እነ አዛናው ከሩቅ አዩት። ይኸው በመጨረሻው መጣ አሉ። መክት ጦሩን ይዞ ደጅ ላይ ቆመ። ደመላሽ በመክት አጠገብ አልፎ በሩ ላይ ሆነ። አዛናው ሽበታም ሽማግሌ ሆኗል፤ ከምሰሶው ሥር ተቀምጧል።

«ወንድ ልጅ ተወልዶልኛል» አለው ደመላሽ። «በአገራችን ወንድ አያት ካለ የልጅ ስም የሚያወጣው እሱ ነው። አያቱን እርስዎ ገድለውብኛል። እንግዲህ ይነሡና ይምጡ፤ ስሙን እርስዎ ያውጡለት።»

አዛናው ቀና ብሎ አየው። ለምን አላለም። በትሩን ጠየቀ። መክት አትሂድ፣ ይገድሉሃል አለው። ማንም እንዳይከተለኝ አለና ከደመላሽ ኋላ ኋላ እያነከሰ ወንዙን ተሻገረ።

ቤት ሲገቡ ዘመዶቹ ብድግ አሉ። ደመላሽ በመካከል ቆመ። ትጓደድ ግን አልተነሣችም። ሕፃኑን ደረቷ ላይ አጥብቃ ሽማግሌውን ከእግር እስከ ራሱ አየችው።

«መጀመሪያ የባሌን ስም ጥራ» አለችው።

አዛናው ከገደለው ቀን ጀምሮ ያን ስም ጠርቶት አያውቅም። አፉን ከፈተ፤ አልወጣለትም። ደግሞ ሞከረ፤ አልወጣለትም። በሦስተኛው «እንግዳው» አለ፤ አለቀሰ። ትጓደድም አለቀሰች። በባሏ ቀብር እንኳ እንባ ያልወጣት ሴት ናት ይባላል። ከዚያ ሕፃኑን ዘረጋችለት።

«በል አውጣለት» አለችው። «እኔም ደክሞኛል።»

አዛናው ልጁን ታቀፈ። ታረቀኝ አለው።

ይኸው ነው። ደመላሽ ስሙን ሳይቀይር ኖሮ ሞተ። ቀይረው ቢሉት ለምጄዋለሁ አላቸው። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ እናቱ ከማሳ ማዶ ስትጠራው ቀና ብሎ የሚያየው ሰው አልነበረም አሉ። ምሳ ሊበላ መስሏቸው ነው፤ ደግሞም ምሳ ሊበላ ነበር።

ስለዚህ በጠጠሮ እስከ ዛሬ ለወንድ ልጅ ስም የሚያወጣለት አባቱ የተቀየመው ሰው ነው። አባት ይሄድና ስም አውጣለት ይላል። የተጠየቀው እምቢ አይልም። ምን አድርጌህ ነው ብሎም አይጠይቅም፤ አዛናው አልጠየቀማ። አንዳንዱ የተቀየምኩት ሰው የለም ብሎ ይመጣል። እንስቅበትና ሂድ፣ በደንብ አስብ እንለዋለን።

እኔ የስድስት ወንዶች ስም አውጥቻለሁ። ክብር እንዳይመስላችሁ፤ ስድስት ሰው አስቀይሜያለሁ ማለት ነው። አምስቱን አውቃቸዋለሁ። አንዱን በድንበር፣ አንዱን በምስክርነት፣ ሦስቱን በዚህ ክፉ ምላሴ ነው። ሲመጡ አልደነገጥኩም። ስድስተኛው ግን የበኩር ልጄ ነው። አርባ ዓመት ሙሉ ክፉ ቃል ተናግሮኝ አያውቅም። ባለፈው ዓመት አራስ ልጁን ታቅፎ በዚህ በር ገባና ጉልበቴን ሳመ።

«አባባ፣ ስም አውጣለት» አለኝ።

እንደተቀየመኝ ያወቅሁት ያኔ ነው። አርባውን ዓመት በልቤ አገላበጥኩት፤ ይሄ ይሆን፣ ያ ይሆን አልኩ። መጠየቅ ደግሞ ልማዱ አይፈቅድም። ሕፃኑን ተቀብዬ ስም አወጣሁለት። ልጄ አሜን አለ። ምን እንዳደረግሁት እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ግን ከዚያ ወዲህ አመሻሽ ላይ እየመጣ አጠገቤ ይቀመጣል።